የባሪያ ፍርሃትና የልጅ ፍርሃት

የጥበብ መጀመሪያ እግዚአብሔርን መፍራት እንደ ሆነ ቅዱሳት መጻሕፍት ያስተምሩናል። አባቶቻችንም ይህን ትምህርት በልባችን ስለ ተከሉት፥ ምእመናን በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲያልፉ ይሳለማሉ፤ ወደ ውስጥም ሲገቡ ጫማቸውን ያወልቃሉ። ይህ ማንም ሊያቃልለው የማይገባ መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን ወንጌላዊው ዮሐንስ በመጀመሪያይቱ መልእክቱ፥ በምዕራፍ 4፥ ፍጹም ፍቅር ፍርሃትን ከልብ እንደሚያስወጣ ጽፎልናል። እንግዲህ መጽሐፍ በአንድ ወገን እንድንፈራ፥ በሌላው ወገን እንዳንፈራ የሚያዝዘን ስለ ምንድር ነው? ቃሉ እርስ በርሱ የሚጣላ ሆኖ አይደለም፤ ፍርሃት ሁለት ዐይነት ስለ ሆነ ነው።

አንደኛው የባሪያ ፍርሃት ነው። ባሪያ ጌታውን የሚፈራው በትሩን አይቶ ነው፤ በበደለም ጊዜ ይሸሻል። ሁለተኛው የልጅ ፍርሃት ነው። መልካም ልጅ የሚፈራው አባቱን እንዳያሳዝን ነው፤ በበደለም ጊዜ እግሩ ሥር ወድቆ እስኪታረቅ ድረስ ዕረፍት አያገኝም። ስለዚህ በልባችን ያለው ፍርሃት የትኛው እንደ ሆነ ለማወቅ ብንፈልግ፥ ወደ እግዚአብሔር ያቀርበናል ወይስ ያርቀናል ብለን እንመርምር።

አዳም ትእዛዝ ባፈረሰ ጊዜ በገነት ዛፎች መካከል ተሸሸገ። እግዚአብሔር ግን ሊፈልገው መጣ፤ ወዴት እንዳለም ጠየቀው። ሁሉን የሚያውቅ አምላክ የአዳም መሸሸጊያ ተሰውሮበት አልጠየቀም፤ አዳም ወጥቶ በደሉን ይናገር ዘንድ መንገድ ሲከፍትለት ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሰው ሲሸሽ እግዚአብሔር ሲፈልገው ኖሯል።

ይህንም ነገር በቅዱስ ጴጥሮስ ሕይወት በግልጥ እናየዋለን። ሉቃስ በምዕራፍ 5 እንደሚነግረን፥ ጴጥሮስ ብዙ ዓሣ በተያዘ ጊዜ ደንግጦ ወደቀ፤ ኀጢአተኛ መሆኑንም ተናግሮ ጌታ ከእርሱ እንዲለይ ለመነ። ጌታ ግን ከእርሱ አልተለየም። በኋላም በሕማማቱ ሌሊት ጴጥሮስ ጌታውን 3 ጊዜ ካደው፤ ይህም በደል ከቀደመው ሁሉ የከፋ ነበረ። ከትንሣኤ በኋላ ግን በዚያው ባሕር ዳር ጌታ ቆሞ ባየ ጊዜ፥ ታንኳይቱ ወደ ምድር እስክትደርስ እንኳ አልታገሠም፤ ልብሱን ታጥቆ ወደ ባሕሩ ገባ። ትንሽ በደል ሲኖርበት ራቅልኝ ያለ ሰው፥ ታላቅ በደል ሳለበት ስለ ምን ወደ ጌታው ሮጠ? የሚወድደውን ስላወቀ ነው። ጌታም ስለ ምን ካድኸኝ ብሎ አልዘለፈውም፤ ይወድደው እንደ ሆነ 3 ጊዜ ጠየቀው፤ በጎቹንም አደራ ሰጠው። ይሁዳም ተጸጽቶ 30ውን ብር መልሶ ነበር፤ ነገር ግን ጸጸቱን ይዞ ወደ ጌታው አልተመለሰም፥ ብቻውን ሄዶ ጠፋ እንጂ።

ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፥ ይህ ነገር የጥንት ታሪክ ብቻ አይደለም። በየሰንበቱ በቤተ ክርስቲያናችን ሕፃናትና አረጋውያን ሥጋ ወደሙን ሲቀበሉ፥ በመካከል ዕድሜ ያሉት ብዙዎች አስቀድሰው እንዲሁ ይመለሳሉ። ስለ ምን እንደ ሆነ ቢጠየቁ ገና አልበቃሁም፥ ስሸመግል እቀርባለሁ ይላሉ። አነጋገሩ ትሕትና ይመስላል፤ ነገር ግን ታሞ ሳለ ስድን ወደ ሐኪም እሄዳለሁ የሚል ሰው ይድናልን? ለሽምግልናስ እንደምንደርስ ማን ዋስ ሆነን?

ይህን ስንል ሳይዘጋጁ በድፍረት መቅረብ ይገባል ማለታችን አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ በመጀመሪያይቱ የቆሮንቶስ መልእክት፥ በምዕራፍ 11፥ ሰው ራሱን እንዲመረምር ያዝዛል፤ መርምሮም ይቀር ዘንድ ሳይሆን ይቀርብ ዘንድ ነው። ስለዚህ የተጣላ ይታረቅ፤ የሰው ገንዘብ የያዘ ይመልስ፤ በደሉን ለንስሐ አባቱ ይናዘዝ፤ የተሰጠውን ቀኖና ይፈጽም፤ በሥርዐቱም ጾሞ ይቅረብ። ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 6 እንደ ጻፈው፥ ከንፈሩ የረከሰ መሆኑን አውቆ በተንቀጠቀጠ ጊዜ፥ ሱራፊው ከመሠዊያው ፍሕም በጉጠት ይዞ ከንፈሩን ዳሰሰው፤ እሳቱም አነጻው እንጂ አላቃጠለውም። አባቶቻችንም ፍሕሙን በሥጋ ወደሙ፥ ጉጠቱንም በዕርፈ መስቀል ይመስሉታል።

ካህናት አባቶቻችንም ይህን ያስቡ ዘንድ በትሕትና እናሳስባለን። በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 15 የተነገረው አባት፥ የጠፋው ልጁ ገና በሩቅ ሳለ አይቶ ሮጠ እንጂ ከደጁ እስኪደርስ አልጠበቀም። የንስሐ አባት ለበዓል ጠበል ሊረጭ ወደ ልጆቹ ቤት በሄደ ጊዜ፥ ባርኮና ቀምሶ ብቻ አይመለስ፤ አንድ በአንድ እየለየ የነፍሳቸውን ነገር ይጠይቅ። ቀኖናም መድኀኒት ስለ ሆነ፥ እንደ ሕመምተኛው ዐቅም ይመጠን፤ ቀኑን ሙሉ በጉልበቱ ለሚያድር ሠራተኛ የመነኵሴ ስግደት ቢሸከም ተስፋ ይቈርጣል፥ እንደ ገናም ወደ ዛፎቹ ይሸሸጋል።

እንግዲህ እግዚአብሔርን እንፍራ፤ ነገር ግን እንደ ልጆች እንፍራው። ኀጢአታችን በከበደ መጠን ፈጥነን እንነሣ፤ የሚጠብቀን እርሱ አስቀድሞ የወደደን ነውና። እርሱ በቸርነቱ ለንስሐና ለቅዱስ ማዕዱ ያብቃን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።