የአረር ማውጫ ሞልድ አመራረጥ
(ለአስመጪዎችና ለባለ መደብሮች የሚሆን ትምህርት)

ሞልድ ማለት የቀለጠ ነገር ፈሶበት ሲረጋ ቅርጽ የሚሰጥ መሣሪያ ነው። ከሞልድ ዓይነቶች ሁሉ ይልቅ የጥይት አረር የሚወጣበት ሞልድ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ከአንድ ፀጉር ውፍረት ያነሰ ስሕተት እንኳ አረሩን ከጥቅም ውጭ ያደርገዋልና። ስለዚህ ማናቸውንም ሞልድ ከውጭ አገር የሚያዝ ነጋዴ ከዚህ ትንሽ ዕቃ ብዙ ሊማር ይችላል።

የአረር ሞልድ በብዛት የሚሸጠው በአሜሪካ ነው። በዚያ አገር በሽጉጥ የሚያድኑ ሰዎች የተተኮሰውን ቀለህ አንሥተው በየቤታቸው እንደገና ይሞሉታል፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ አረሩን ራሳቸው ከእርሳስ ያወጣሉ። በኢትዮጵያ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የጦር መሣሪያንም ሆነ ጥይትን ያለ ፈቃድ ማስመጣትን፣ መሥራትንና መሸጥን ይከለክላል። በወሎ ሰፈር ወይም በካዛንቺስ ጽሕፈት ቤት ያለው አስመጪ እንዲህ ያለውን ዕቃ እንዲያመጣ ቢጠየቅ፣ ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ፈቃዱን በጽሑፍ ማየት አለበት። ፈቃድ የሌለበት ትእዛዝ ክስ እንጂ ትርፍ አያመጣም። ይህ ከታወቀ በኋላ የአመራረጡ ትምህርት በአራት ክፍል ይነገራል።

አንደኛ፤ ስምና ልክ አንድ አይደሉም። በአሜሪካ «44» የሚባለው ሽጉጥ አረሩ የአንድ ኢንች 44 መቶኛ ሳይሆን 429 ሺሕኛ፣ ማለት 10.9 ሚሊሜትር ያህል ነው። «38» የሚባለውም አረሩ 358 ሺሕኛ፣ ማለት 9.1 ሚሊሜትር ያህል ነው። ስሙን አምኖ ያዘዘ ሰው የማይገባ ዕቃ ይደርሰዋል።

ለዚህ ከአገር ውስጥ የሚቀርበው ምሳሌ ውጅግራ ነው። ይህ ጠመንጃ የፈረንሳይ ጦር እ.ኤ.አ. በ1874 የተቀበለው ሲሆን፣ ስሙም «ፊዩዚ ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ አጠራር የመጣ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን እጅግ ከመብዛቱ የተነሣ ጥይቱ በገበያ ከአሞሌ ጨው ጋር እንደ ዝርዝር ገንዘብ ይዘዋወር ነበር። የውጅግራ ልክ 11 ሚሊሜትር ይባላል፤ አረሩም 25 ግራም የሚመዝን እርሳስ ነው። የአሜሪካው «44» ደግሞ ወደ 11 ሚሊሜትር የተጠጋ ነው። ሁለቱ በወረቀት ላይ ቢቀራረቡም የአንዱ አረር ለሌላው አይሆንም።

ሁለተኛ፤ የሞልዱን ቁጥር ማንበብ ያስፈልጋል። ላይማን የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ ቁጥሩ 429421 የሆነ ሞልድ አውጥቷል። ይህን አረር ያወጣው በሽጉጥ አደን የታወቀው ጸሐፊ ኤልመር ኪዝ ነው። አረሩ ወደ 250 ግሬን፣ ማለት 16 ግራም ያህል ይመዝናል፤ አፍንጫውም ለአደን እንዲሆን ደልደል ያለ ነው። የቁጥሩ የመጀመሪያ ሦስት ፊደላት፣ 429፣ የአረሩን ውፍረት በኢንች ሺሕኛ ሲገልጹ፣ የኋለኞቹ ሦስቱ፣ 421፣ የቅርጹ መለያ ናቸው። እንግዲህ ከቁጥሩ አንዱን አኃዝ አሳስቶ የጻፈ ጸሐፊ የሚያዝዘው ሌላ ዕቃ ነው።

ሦስተኛ፤ የዚህ ትምህርት ዋና ነገር ይህ ነው፤ በመዝገብ የተጻፈው ውፍረትና ክብደት እውነት የሚሆነው ፋብሪካው ለለካበት ማዕድን ብቻ ነው። ላይማን ለመለኪያ የታወቀ አድርጎ የያዘው ቅልቅል ከመቶ 90 እጅ እርሳስ፣ 5 እጅ ቲንና 5 እጅ አንቲሞኒ ነው። በዚያው ሞልድ ንጹሕ እርሳስ ቢፈስበት አረሩ ሲቀዘቅዝ አብዝቶ ይኮማተራል፤ ስለዚህ ይቀጥናል፣ ክብደቱ ግን ይጨምራል፤ ከእርሳስ ይልቅ ቲንና አንቲሞኒ ቀላል ናቸውና። በሊኖታይፕ ማተሚያ ፊደል ይቀረጽበት የነበረው ቅልቅል፣ ማለት 84 እጅ እርሳስ፣ 12 እጅ አንቲሞኒና 4 እጅ ቲን ቢፈስበት ደግሞ አረሩ ይወፍራል፣ ክብደቱም ይቀንሳል። ሞልዱ አልተለወጠም፤ የወጣው ዕቃ ግን ተለውጧል።

የዚህ መዘዝ ቀላል አይደለም። ለሽጉጡ የቀጠነ አረር የባሩዱን እሳት በጎኑ ያሳልፋል፤ እርሳሱም ቀልጦ በበርሜሉ ውስጥ ይለጠፋል፣ ዒላማም ይስታል። ስለዚህ አዋቂዎች የመዝገብን ቁጥር ከመቀበላቸው በፊት የራሳቸውን ሽጉጥ በርሜል ይለካሉ፤ አረሩም ከዚያ ልክ የኢንች አንድ ሺሕኛ ያህል እንዲወፍር ያደርጋሉ።

አራተኛ፤ ሞልዱ ራሱ ከምን እንደ ተሠራ ይጠየቃል። የብረት ሞልድ ዕድሜው ረዥም ነው፤ ነገር ግን ከባድ ነው፣ ዘይት ካልተቀባም ይዝጋል። የአሉሚኒየም ሞልድ ቀላልና ቶሎ የሚሞቅ ነው፤ ግን በግዴለሽ እጅ ቶሎ ይጎዳል። የነሐስ ሞልድ ሙቀት አጥብቆ ይይዛል፣ አይዝግምም፤ ዋጋውና ክብደቱ ግን ይበልጣል። እንዲሁም በአንድ ጊዜ አንድ፣ ሁለት፣ አራት ወይም ስድስት አረር የሚያወጡ አሉ። ጥቂት ለሚሠራ ሰው ስድስት ዓይን ያለውን መሸጥ ለደንበኛው ዕዳ ነው።

ስለ ጤና ደግሞ ባለ መደብሩ ለገዢው ሊነግረው የሚገባ ነገር አለ። እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ ትቢያውና ጭሱ መርዝ ሲሆን ከሁሉ ይልቅ ሕፃናትን ይጎዳል። ስለዚህ ምግብ በሚበስልበት ቤትና ዕቃ ሊቀልጥ አይገባም። ከመኪና ባትሪ የወጣ እርሳስም በቤት ማቅለጥ እጅግ አደገኛ ነው። የውሃ ጠብታ በቀለጠ እርሳስ ውስጥ ቢገባ ፈንድቶ ይረጫል።

አሁን የተነገረው ለአረር ብቻ የተወሰነ አይደለም። በአዲስ አበባ የፕላስቲክ ዕቃ የሚሠሩ ፋብሪካዎች ሞልድ ከውጭ አገር ሲያዙ የሚገጥማቸው ነገር ይኸው ነው። ፖሊፕሮፒሊን የተባለው ፕላስቲክ ሲቀዘቅዝ ከ1 እስከ 2.5 ከመቶ ይኮማተራል፤ ፖሊስታይሪን ግን ከ1 ከመቶ በታች ነው። ለአንዱ ተለክቶ በተሠራ ሞልድ ሌላው ቢፈስበት ክዳኑ ከዕቃው አፍ ጋር አይገጥምም። የውጭ ምንዛሪው ወጥቷል፣ ቀረጡም ተከፍሏል፤ ሻጩ ግን የታዘዘውን በትክክል ስለ ላከ የሚጠየቅበት ምክንያት የለም።

ስለዚህ ማናቸውም የሞልድ ማዘዣ ደብዳቤ አምስት ነገሮችን አሟልቶ ይጻፍ፤ የሚወጣው ዕቃ በቁጥር የተገለጸ ልኩ፤ የሚፈስበት ነገር ስምና ቅልቅሉ፤ የሞልዱ ቁጥር ሳይጎድል፤ ሞልዱ የሚሠራበት ማዕድንና የዓይኑ ብዛት፤ በመጨረሻም ፋብሪካው በዚያው ቅልቅል አውጥቶ የለካውን አንድ ናሙና አስቀድሞ እንዲልክ የሚያስገድድ ቃል። ናሙናው ደርሶ በመለኪያ ሳይታይ የቀረው ሒሳብ አይከፈል። አንድ ሞልድ ሲገዛ የሚፈስበትም ነገር አብሮ እንደሚገዛ ያወቀ ነጋዴ ገንዘቡንም ደንበኛውንም ይጠብቃል።