ጯሂ ፌንጣን በቤት ማርባትና ለጫጩት መኖ ማዋል

መግቢያ

ጫጩት ምስጥ ስትለቅም ያላየ ገበሬ በአሶሳ አካባቢ አይገኝም። ለጫጩት የሚያስፈልገው ገንቢ ምግብ ከነፍሳትም እንደሚገኝ ይህ ብቻ ያስረዳል። የኑግ ፋጉሎ ለመግዛት አቅም ለሌለው ቤተሰብ፣ ማታ ማታ በድንጋይና በሣር ሥር ሆኖ የሚጮኸውን ፌንጣ ማርባት አንድ መፍትሔ ነው። ፌንጣው ሲደርቅ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ፕሮቲን ነው። በታይላንድ እ.ኤ.አ. በ2013 ወደ 20,000 የሚጠጉ አርቢዎች ይገኙ ነበር፤ በኬንያና በኡጋንዳም ሥራው ተጀምሯል። በእኛ አካባቢ ግን የተለመደ ስላልሆነ፣ ማኅበራት ገንዘብ ከማውጣታቸው በፊት የልማት ሠራተኛው በአንድ ሳፋ ማስሞከር ይኖርበታል።

አያያዝ

ጎኑ ልሙጥ የሆነ ሰፊ የፕላስቲክ ሳፋ ይዘጋጃል፤ ፌንጣው በልሙጥ ነገር ላይ መውጣት አይችልም። ለመሸሸጊያ የእንቁላል ካርቶን ወይም የተሰነጠቀ የቀርከሃ ቁራጭ ይደረጋል። ሴቷ ከኋላዋ በሚታየው መርፌ መሰል እንቁላል መጣያ ትለያለች። እርጥብ አፈር የያዘ ጣሳ ከገባላት እንቁላሏን እዚያው ትቀብራለች፤ ጣሳው ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በኋላ ወደ ሌላ ሳፋ ይዛወራል። ሙቀቱ ወደ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከሆነ በሁለት ሳምንት ገደማ ይፈለፈላል፤ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜም ይደርሳል። በክረምት ይዘገያል።

ለመኖው ከወፍጮ ቤት የሚጠረገው ዱቄት፣ ጥቂት የተቆላ አኩሪ አተርና የዱባ ቅጠል ይበቃል። ለሰው የሚሆን እህል ለፌንጣ መስጠት ሒሳቡን ያበላሸዋል። ውኃ እንዳያሰምጠው ጠጠር በሞላበት ክዳን ይቀርብለታል። ከተጨናነቀ ወይም ውኃ ካጣ እርስ በርሱ ይበላላል።

ጥንቃቄ

የመጀመሪያው ጠላት ጉንዳን ነው። ሳፋው የሚቀመጥበት ጠረጴዛ እግሮች ውኃና የተቃጠለ ዘይት ባለባቸው ጣሳዎች ውስጥ ይቁሙ፤ ይህ እንጨቱንም ከምስጥ ያድነዋል። በክረምት ትራፊው በየቀኑ ካልተጠረገ ይሻግታል።

ብዙ የሚዘነጋው ግን የወባ መከላከያው ነገር ነው። ሳፋውን ለመክደን ቤተሰቡ ቶሎ የሚያነሣው ያረጀ አጎበር ነው። አጎበሩ በፀረ ነፍሳት መድኃኒት የተነከረ ስለሆነ ትንኝን እንደሚገድል ፌንጣውንም ይገድላል። ስለዚህ በሌላ ስስ ጨርቅ ወይም በወንፊት ሽቦ ይከደን። ግድግዳው ለወባ ሲረጭም እንዲሁ ነው። በዚህ ጊዜ ፌንጣውን በመፍራት «ቤቴ አይረጭ» የሚል ሰው ቢገኝ፣ የልማት ሠራተኛው በግልጽ ሊቃወመው ይገባል፤ የልጆች ጤና ይቀድማል። እርባታው ከመጀመሪያው ካልተረጨ ዳስ ሥር ቢሆን ይህ ሁሉ ጭቅጭቅ አይመጣም።

ዘሩ ፀረ ተባይ ካልተረጨበት ቦታ በአካባቢው ይለቀም። እ.ኤ.አ. በ2010 አካባቢ በሰሜን አሜሪካ ብዙ የፌንጣ እርባታዎችን ቫይረስ አውድሟል፤ ስለዚህ ከውጭ አገር ማስመጣት አይመከርም። የተረፈውም ቡቃያ ስለሚቆርጥ ወደ ማሳ አይለቀቅ።

አመጋገብ

ለጫጩት ገና ያላደገው ትንሹ ፌንጣ ከነሕይወቱ ይሰጣል። ያደገው በፈላ ውኃ ተነክሮ፣ በፀሐይ ደርቆና ተፈጭቶ ከዱቄት ጋር ይደባለቃል። ካልሲየም ስለሚያንሰው፣ ለምትጥል ዶሮ የተቀቀለና የደቀቀ የእንቁላል ቅርፊት ይጨመርላት።