ለሞት የተፈረደበት ሰው ምሕረት ስለሚጠይቅበት መንገድ

ምስጋና ሁሉ ለአላህ ይሁን፤ ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፥ በቤተ ሰባቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ።

አንባቢ ሆይ! ሞት የተፈረደበት ዘመድ ያለው ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ «ከእንግዲህ የሚደረግ ነገር አለን?» የሚል ነው። አዎን፥ ብዙ ጊዜ አለ። ነገር ግን በሩን ሳይለይ የሚሮጥ ሰው ጊዜውንና ገንዘቡን በከንቱ ያጠፋል፤ የሟቹንም ወገን አስቈጥቶ ክፍት የነበረውን በር ሊያዘጋ ይችላል። ነጋዴ ዕዳ ለመክፈል ሲነሣ አስቀድሞ ባለ ገንዘቡ ማን እንደሆነ ይለያል፤ የደም ዕዳም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ ምሕረት ከማን እንደሚጠየቅና በምን ሥርዓት እንደሚጠየቅ እንመልከት።

አንደኛ፦ የፍርዱን ዐይነት ስለ ማወቅ

በሸሪዓ የሞት ፍርድ ሦስት ዐይነት ነው። ቂሳስ ሆን ተብሎ ለጠፋ ነፍስ የሚፈረድ ሲሆን መብቱ የሟቹ ወራሾች ነው። ሐድ በአላህ መብት የተወሰነ ቅጣት ነው። ተዕዚር ደግሞ ለገዢው አመለካከት የተተወ ቅጣት ነው። ስለዚህ ቤተ ሰቡ በመጀመሪያ የፍርዱን ግልባጭ አውጥቶ፥ ሕግ አዋቂ አማክሮ፥ ፍርዱ ከየትኛው እንደሆነ ይረዳ። የይግባኝ ጊዜ ያላለፈ እንደሆነም ይግባኙ ይቅደም፤ ያልበደለ ሰው የሚያስፈልገው ፍትሕ ነውና።

ሁለተኛ፦ የወራሾች ምሕረት

በቂሳስ ዳኛም ንጉሥም ወራሹን ተክቶ ይቅር ማለት አይችልም። ሊቃውንት ከሱረቱል በቀራ 178ኛ አያ እንደ ተረዱት፥ ወራሹ ቅጣቱን ሊያስፈጽም፥ ዲያ (የደም ካሣ) ተቀብሎ ሊምር፥ ወይም ያለ ካሣ ስለ አላህ ብሎ ሊተው ይችላል። በዚህ አያ አላህ የሟቹን ወገን ለገዳዩ ወንድም ብሎ መጥራቱን አስተውል። በሱረቱል ማኢዳህ 45ኛ አያም ቂሳስን ምጽዋት አድርጎ የተወ ሰው ለኃጢአቱ ማስተስረያ እንደሚሆንለት ተነግሯል። አነስ ኢብን ማሊክ (ረዲየላሁ ዐንሁ) እንዳስተላለፉትም፥ የቂሳስ ጉዳይ ወደ ነቢዩ (ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም) በቀረበ ቁጥር እርሳቸው ይቅርታን ያዝዙ ነበር።

ይቅር ባዩ ማነው? በሐነፊ፥ በሻፊዒና በሐንበሊ መዝሀቦች መብቱ የወንዶችም የሴቶችም ወራሾች ነው፤ ከእነርሱ አንዱ እንኳ ይቅር ቢል ቂሳስ ይቀራል፥ የቀሩትም ድርሻቸውን ከዲያው ይወስዳሉ። በማሊኪ መዝሀብ ግን ሥልጣኑ በመጀመሪያ በአባት በኩል ለሚዛመዱ ወንዶች ነው። ከወራሾቹ መካከል ሕፃን ያለ እንደሆነ፥ በሻፊዒና በሐንበሊ መዝሀቦች እስኪያድግ ይጠበቃል፤ ገዳዩም እስከዚያ በእስር ይቆያል። ይህ ጊዜ ለንስሐና ለዕርቅ የተሰጠ ዕድል ነው።

የአጠያየቁ ሥርዓት ይህ ነው። የተከበሩ ሽማግሌዎች ይላኩ፤ በአገራችን በወሎ አበጋሮች ደም ለማድረቅ እንደሚቀመጡ ማለት ነው። ሐዘኑ ትኩስ ሳለ አይሂዱ። ገዳዩን ንጹሕ ለማድረግ ብለው ሟቹን አይንቀፉ። አያስፈራሩ፤ በብዙ ሰው ጩኸትም መበለቲቱን አያስጨንቁ። በግድ የተገኘ ቃል ይቅርታ አይባልም። እንቢ ያለች እናት መብቷን ጠየቀች እንጂ አልበደለችም። ይቅርታው በተገኘ ጊዜ ግን በቃል ብቻ አይቅር፤ በዳኛ ፊት ይጻፍ።

ዲያው በመሠረቱ 100 ግመል ነው። ሆን ተብሎ በተፈጸመ ግድያ ግን ወራሾች ከዚህ ባነሰ ወይም በበለጠ ሊስማሙ ይችላሉ። ገንዘቡ የሚከፈለው ከገዳዩ ሀብት ነው፤ ሌሎች በፈቃዳቸው ቢረዱት ግን ምጽዋት ይሆንላቸዋል። እናንተ ነጋዴዎች ሆይ፥ ለዚህ ስታዋጡ ገንዘቡን በታመነ ሰው እጅ፥ በጽሑፍ ሰብስቡ። የተስማማችሁበትንም በቀኑ፥ ሳትጨቃጨቁ ክፈሉ፤ አያው ከፋዩን በመልካም ሁኔታ እንዲከፍል ያዝዛልና።

በሳዑዲ ዐረቢያ ይህ ሥርዓት በፍርድ ቤት ይሠራበታል። ፍርዱ በይግባኝ ፍርድ ቤትና በጠቅላይ ፍርድ ቤት ከተመረመረ በኋላ ያለ ንጉሡ ትእዛዝ አይፈጸምም፤ የዕርቅ ኮሚቴዎችም በወራሾችና በገዳዩ ወገን መካከል ይሸመግላሉ። ወራሾች ቢምሩም መንግሥት በሕዝብ መብት ገዳዩን በእስራት ሊቀጣው ይችላል። እዚያ የሚሠራ ልጅ ወይም እህት ያላችሁ ሁሉ ይህን እወቁ፦ በ1963 እ.ኤ.አ. በቪየና የተደረገው የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት፥ በባዕድ አገር የተያዘ ሰው ለአገሩ ቆንስላ እንዲነገርለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ስለዚህ ነገሩን እንደ ሰማችሁ ያለ መዘግየት ለቆንስላው አስታውቁ፤ ከፍርድ በፊት የተሰጠ እርዳታ ከፍርድ በኋላ ከሚፈስ እንባ ይበልጣል።

ሦስተኛ፦ ምልጃ የማይገባበት ስፍራ

የሐድ ጉዳይ ለዳኛ ከቀረበ በኋላ ምልጃ አይገባበትም። ኡሳማ ኢብን ዘይድ ስለ መኽዙም ነገድ ሴት ባማለዱ ጊዜ ነቢዩ (ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም) መቈጣታቸው የታወቀ ነው። ሆኖም ጥርጥር ያለ እንደሆነ ሐድ ይቀራል፤ መንገድ የሚቈርጥ ሽፍታም ከመያዙ በፊት ንስሐ የገባ እንደሆነ በሱረቱል ማኢዳህ 34ኛ አያ መሠረት ሐዱ ይነሣለታል፤ የሰዎች መብት ግን በእርሱ ላይ ይኖራል። በተዕዚር ግን ገዢው መማር ስለሚችል ልመናው ለእርሱ ይቀርባል።

አራተኛ፦ በአገራችን ሕግ

በኢትዮጵያ የወንጀል ፍርድ በመንግሥት ሕግ ስለሚፈጸም፥ የሟቹ ቤተ ሰብ ይቅርታ ብቻውን ፍርዱን አይሽርም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ግን የሞት ፍርድ በርእሰ ብሔሩ ሳይጸና፥ በምሕረት ወይም በይቅርታም አለመለወጡ ሳይረጋገጥ እንዳይፈጸም ይከለክላል። ይቅርታ የመስጠት ሥልጣን በሕገ መንግሥቱ 71ኛ አንቀጽ ለፕሬዚዳንቱ ተሰጥቷል። በአዋጅ ቁጥር 840/2006 መሠረት ጥያቄውን ፍርደኛው ራሱ፥ ባል ወይም ሚስት፥ የቅርብ ዘመድ ወይም ጠበቃ ሊያቀርብ ይችላል፤ የይቅርታ ቦርድም መርምሮ የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል። በማመልከቻው ውስጥ የፍርደኛው መጸጸት፥ በእስር ቤት የታየው ጠባይ፥ ሕመምና የቤተ ሰብ ችግር፥ ከተበዳይ ወገን ጋር የተደረገውም ዕርቅ በእውነት ይጻፍ። ሐሰት አይቀላቀልበት፤ ጉቦም አይሰጥበት፤ ሰጪውም ተቀባዩም የተረገሙ ናቸውና።

ልመና አንዳንድ ጊዜ ፍሬ እንደሚያፈራ በ2003 ዓ.ም. ታይቷል። ሞት ተፈርዶባቸው ለነበሩ 23 የደርግ ባለ ሥልጣናት የሃይማኖት አባቶች ካማለዱ በኋላ ቅጣታቸው ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለውጧል።

መደምደሚያ

ፍርደኛው ራሱ ይህን አይርሳ፦ በአንገቱ ላይ የአላህ መብት፥ የወራሾች መብትና የሟቹ መብት አለ። የአላህ መብት በእውነተኛ ንስሐ፥ የወራሾች መብት በቂሳስ ወይም በይቅርታ ይፈጸማል። የሟቹ መብት ግን ለትንሣኤ ቀን የተቀመጠ ነው። ስለዚህ ከሞት ቢድንም ዕድሜው ለመጸጸቻ እንደ ተጨመረለት ይቍጠረው፤ የሟቹን ልጆች በሚችለው ይርዳ፥ ለሟቹም ዱዓ ያድርግ።

አንተም የሟች ወራሽ የሆንህ ወንድም፥ ማንም አያስገድድህም፤ መብትህ የተጠበቀ ነው። ነገር ግን ሽማግሌዎች በደጅህ በተቀመጡ ጊዜ፥ ነገ አንተም በአላህ ፊት ምሕረት ፈላጊ ሆነህ እንደምትቆም አስብ። አላህ የሞቱትን ይማር፥ ያዘኑትን ያጽናና፥ በልባችንም ይቅርታን ይትከል። አሚን።