የማይታየውን በሚታየው መግለጽ

ገላጭ ድርሰት የሚጽፍ ሰው ከሚገጥሙት ችግሮች አንዱ፥ ዐይን የማያየውን ነገር ለአንባቢ ማስረዳት ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ አንባቢው አስቀድሞ ከሚያውቀው ነገር መነሣት ይጠቅማል። የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ፤ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስም አስተውሉ።

ሀ. ምንባብ

በጭቃ በተመረገ ቤት ግድግዳ ላይ ዕቃ የሚሰቀልበት ኩላብ አይታችሁ ይሆናል። ኩላቡ በምርጊቱ ላይ ብቻ የተሰካ እንደ ሆነ፥ ከባድ ዕቃ በተሰቀለበት ጊዜ ጭቃውን ይዞ ይወድቃል። ከውስጥ ከማገሩ ጋር በልጥ የታሰረ እንደ ሆነ ግን ጸንቶ ይኖራል። እንግዲህ የኩላቡ ብርታት የሚገኘው ከሚታየው ጫፍ ሳይሆን ከተሰወረው እስር ነው።

የነርቭ ሕዋሳትም እርስ በርሳቸው የሚያያዙት በዚህ አኳኋን ነው። ሕዋስ የተሸፈነበት ስስ ገለፈት ቅባትነት ያለውና እንደ ፈሳሽ የሚላወስ ስለ ሆነ፥ ብቻውን ሸክም አይችልም። ከገለፈቱ ወደ ውጭ ብቅ ብለው ጎረቤት ሕዋስን የሚይዙ ፕሮቲኖች አሉ፤ ከእነርሱም አንዱ ኤል-ዋን ይባላል። ኤል-ዋን ከ1,200 በሚበልጡ አሚኖ አሲዶች የተሠራ ነው። ገለፈቱን ዘልቆ ወደ ሕዋሱ ውስጥ የሚገባው ጭራው ግን 114 ያህል ብቻ አሉት።

ይህ አጭር ጭራ አንኪሪን ከተባለ ሌላ ፕሮቲን ጋር ይገናኛል። ስሙ የመጣው መልሕቅ የሚል ትርጉም ካለው የግሪክ ቃል ነው። አንኪሪን ስፔክትሪን ከሚባሉ ረጃጅም ፕሮቲኖች ጋር፥ ስፔክትሪንም ከአክቲን ጋር ይያያዛል። እነዚህ ሁለቱ የሕዋሱ ውስጣዊ አጽም ክፍሎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት፥ በነርቭ ዘንግ ውስጥ የአክቲን ቀለበቶች በየ190 ናኖሜትር ያህል ተደርድረው በስፔክትሪን እንደሚያያዙ አሳየ። ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ስለ ሆነ፥ በአንድ ሚሊሜትር ርዝመት ከ5,000 የሚበልጡ ቀለበቶች ይገኛሉ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ምሳሌው እስከ መጨረሻው አያደርስም። የኩላብ እስር እንደ ታሰረ ይኖራል፤ የሕዋስ እስር ግን ይታሰራል፥ ይፈታልም። በኤል-ዋን ጭራ ላይ ባለ ታይሮሲን በተባለ አሚኖ አሲድ ላይ ፎስፌት ሲጨመር አንኪሪን ይለቃል፤ ፎስፌቱ ሲነሣ እንደገና ሊይዝ ይችላል። በማደግ ላይ ያለ ነርቭ መንገዱን ሲፈልግ መላቀቅ፥ ስፍራውን ሲያገኝ መጽናት ያስፈልገዋልና።

ኤል-ዋን ቢጎድል ጉዳቱ ቀላል አይደለም። ጂኑ በኤክስ ክሮሞሶም ላይ ስለሚገኝ፥ ጉድለቱ በይበልጥ የሚጎዳው ወንዶች ልጆችን ነው። አንዳንዶቹ በአንጎላቸው ውስጥ ፈሳሽ ተጠራቅሞ ይወለዳሉ፤ እግሮቻቸው ተገትረው ለመራመድ፥ እንዲሁም ትምህርት ለመቀበል ይቸገራሉ። ከእነዚህ ጉድለቶች አንዳንዶቹ የሚገኙት ጎረቤትን በሚይዘው ክፍል ሳይሆን በተሰወረው ጭራ ላይ ነው።

ለ. የሰዋስው ማስታወሻ

በምንባቡ ውስጥ «ያዘ» የሚለው ግሥ በልዩ ልዩ መልክ መምጣቱን ልብ በሉ።

አድራጊ፦ ኤል-ዋን ጎረቤቱን ያዘ።
ተደራጊ፦ ጎረቤቱ በኤል-ዋን ተያዘ።
ተደራራጊ፦ ሁለቱ ሕዋሳት ተያያዙ።
አደራራጊ፦ አንኪሪን ኤል-ዋንንና ስፔክትሪንን አያያዘ።

ግሡ አንድ ሲሆን፥ ቅርጹ በተለወጠ ቍጥር ሥራውን ማን እንደ ሠራና በማን ላይ እንደ ተሠራ ይለያል። ገላጭ ድርሰት ስትጽፉ ይህን ብታቀላቅሉ አንባቢው ይሳሳታል።

ሐ. መልመጃ

1. ኩላብ፥ ምርጊት፥ ልጥና ማገር በሕዋስ ውስጥ የማን ምሳሌዎች ናቸው?
2. ምሳሌው የማይሠራው በምን ላይ ነው? ጸሐፊው ይህን ባይገልጽ ኖሮ አንባቢው ምን የተሳሳተ ሐሳብ ይይዝ ነበር?
3. «ፈታ»፥ «ተፈታ»፥ «ተፋታ» እና «አፋታ» በሚሉት ግሦች አንዳንድ ዓረፍተ ነገር ሥሩ።
4. በዐይን የማይታይ አንድ ነገር መርጣችሁ፥ በአካባቢያችሁ ከሚገኝ ዕቃ ጋር እያነጻጸራችሁ፥ በሁለት አንቀጽ ግለጹ።