ስለ ዓለም ሥጋት ምክንያትና ስለ መድኀኒቱ

በዘመናችን ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ከሰላምታ ቀጥለው የሚጠያየቁት ነገር «መንገዱ ሰላም ነውን?» የሚል ሆኗል። ገበሬው እህሉን ጭኖ ወደ ደብረ ታቦር ገበያ ለመሄድ፥ የቆሎ ተማሪው ከአንዱ መምህር ወደ ሌላው ለመሻገር፥ እናትም ልጇን ትምህርት ቤት ለመስደድ ይህን ሳይጠይቁ አይነሡም። ይህም ጥያቄ የእኛ ብቻ አይደለም፤ በታላላቆቹ መንግሥታት ከተሞች የሚኖሩትም በየቋንቋቸው ይጠይቁታል። በስቶክሆልም ያለው የሰላም ምርምር ተቋም እንደሚቈጥረው በዓለም ላይ ከ12,000 በላይ የኑክሌር መሣሪያ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ብቻ መንግሥታት ለጦር ያወጡት ገንዘብ ከ2.7 ትሪሊዮን ዶላር ይበልጣል። ዳሩ ግን መሣሪያው ሲበዛ ሥጋቱ አልቀነሰም። እንግዲህ የሥጋት ሥሩ የመሣሪያ ማነስ ካልሆነ ምንድን ነው?

የዚህ ጽሑፍ አሳብ አንድ ነው፤ ሰው የሚሠጋው በመካከሉ የሚታመን ቃል ሲጠፋ ነው። ቃል የሚጠፋውም በሦስት መንገድ ነው፤ የተማለው መሐላ ሲፈርስ፥ የተላከው መልእክት መልስ ሲያጣ፥ የተበደለውም ዳኛ ሲያጣ። ቃል በለቀቀው ስፍራ መሣሪያ ይገባል። ለዚህም ምስክር ፍለጋ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም፤ የጉና ተራራና በአቅራቢያው ያለችው ደብረ ታቦር ይበቁናል።

1ኛ. ስለ መሐላ መፍረስ

ደብረ ታቦር በዘመነ መሳፍንት የየጁ ራሶች መቀመጫ ነበረች። ያን ጊዜ የጐደለው ጦር አልነበረም፤ ጦር የሌለው መስፍን አልነበረምና። የጐደለው መተማመን ነው። በ1834 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤ ራስ ዓሊን በደብረ ታቦር ድል ነሡ፤ ነገር ግን የድላቸው ደስታ ሳያበቃ የራስ ዓሊ ወገን የነበሩት ደጃዝማች ብሩ አሊጋዝ ደርሰው ማረኳቸው። ኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የተባሉት ካሣም የራስ ዓሊን ልጅ ወይዘሮ ተዋበችን አግብተው ሳለ ጋብቻው ጠቡን አልከለከለም፤ በ1845 ዓ.ም. በአይሻል አማቻቸውን ወግተው ኀይላቸውን ሰበሩ። ድል አድራጊው በድሉ ዕለት እንኳ ተዝናንቶ መተኛት ካልቻለ፥ በዚያ አገር ማን ሊያርፍ ይችላል?

ይህ የእኛ መሳፍንት ጠባይ ብቻ እንዳይመስለን የዓለምንም ታሪክ እንመልከት። ኢጣልያ ሐምሌ 26 ቀን 1920 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጋር የሃያ ዓመት የወዳጅነት ውል ተዋዋለች፤ ስምንት ዓመት ሳይሞላ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ወሰን ጥሳ ገባች። በመንግሥታት ማኅበር የተሰበሰቡት አገሮችም የተጠቃውን አባል ለመርዳት የገቡትን ቃል ሳይፈጽሙ ቀሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ ቆመው ይህን አመለከቱ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት ጥቂት ቢያልፍ እሳቱ አውሮጳን ራሷን አነደዳት። ለደካማው የተገባ ቃል ሲታጠፍ ብርቱውም መጠጊያ እንዲያጣ ይህ ምስክር ነው።

ቅዱስ መጽሐፍም ስለ ገባዖን ሰዎች የሚነግረን ታሪክ አለ። እስራኤል ተታልለው እንኳ የማሉላቸውን መሐላ ጠበቁ፤ ከብዙ ዘመን በኋላ ሳኦል መሐላውን ቢያፈርስ ግን በዳዊት ዘመን ሦስት ዓመት ረኃብ ሆነ። መሐላ ያፈረሰው አንድ ሲሆን የተራበው ሕዝቡ ሁሉ ነው።

2ኛ. ስለ መልስ ማጣት

ከደብረ ታቦር ጥቂት ራቅ ብላ ጋፋት አለች። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1855 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ የወዳጅነት ደብዳቤ ላኩ፤ ደብዳቤውም ለንደን ደርሶ ሳለ ከአንድ ዓመት በላይ መልስ አጣ። ንጉሡ እንደ ተናቁ ቈጥረው በ1856 ዓ.ም. ቆንስሉን ካሜሮንን አሰሩ። ኋላም ጦር ይዘጋጅ ጀመር፤ በጋፋትም ሴባስቶፖል የተባለው ታላቅ መድፍ ተሠራ። በ1860 ዓ.ም. ያ ከባድ ብረት በሰው ጉልበት እየተጐተተ በገደልና በሸለቆ ወደ መቅደላ ሄደ፤ ንጉሡንም ከሞት አላዳነም። በዚህ ታሪክ ዝም ያለውም፥ በዝምታው ተቈጥቶ መልእክተኛውን ያሰረውም ሁለቱም ከበደል አይድኑም። አንድ ወረቀት በጊዜው ቢጻፍ ስንት ነፍስ በዳነ ነበር! ዛሬም መንግሥታት መነጋገሪያ በራቸውን ሲዘጉ፥ ጐረቤትም ከጐረቤቱ ሲኳረፍ ምክንያቱ ያው ነው፤ የማይናገረውን ሰው አሳብ ፍርሃት ይተረጕመዋልና።

3ኛ. ስለ ዳኛ ማጣት

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በጾመ ፍልሰታ ሳለን ከሰሜን የተነሣው ጦርነት እስከ ጉና ደረሰ። በደብረ ታቦር ከተማ ከባድ መሣሪያ ወድቆ ሰላማውያን ሰዎች ሞቱ፤ በንፋስ መውጫም በሴቶች ላይ ለመናገር የሚከብድ ግፍ ተፈጸመ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ውል ተፈረመ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ደግሞ በአማራ ክልል ሌላ ጦርነት ስለ ተነሣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ወገን ለይቶ መፍረድ የዚህ ጽሑፍ ሥራ አይደለም። ነገር ግን እንባው ያልተጠየቀለት ሰው ውሉ ቢፈረምም ልቡ አያርፍም። ቃየል ወንድሙን ከገደለ በኋላ ያገኘው ሁሉ እንዳይገድለው ፈራ፤ በደል ተበዳዩን ብቻ ሳይሆን በዳዩንም ያሠጋዋል።

መድኀኒቱስ ምንድን ነው?

በወጣትነቴ ዲያቆን ሳለሁ ከመምህሬ ጋር በጉና ግርጌ ወደምትገኝ አንዲት መንደር ለዕርቅ ሄጄ ነበር። ጠቡ የተነሣው አንዱ በወሰን ላይ አንዲት ትልም ገፍቶ ስላረሰ ነው። በዚያች ትልም ምክንያት አንድ ሰው ሞተ፤ ገዳዩም ሸፈተ። የሁለቱም ወገን ላም ሽጦ ጠመንጃ ገዛ። ጠመንጃው ከገባ በኋላ ግን በሌሊት ከቤቱ ለመውጣት የደፈረ የለም፤ ገብሱም ሳይታጨድ በማሳው ረገፈ።

ሽማግሎቹ ሁለት ጊዜ ሄደው ተመለሱ፤ በሦስተኛው ተቀበሏቸው። መምህሬ ስለ ይቅርታ አስቀድመው አልተናገሩም። የገዳዩን አባት፦ «ልጅህ ገድሏልን? በመስቀሉ ፊት ተናገር» አሉት። ሽማግሌውም ራሱን ዝቅ አድርጎ «አዎን፥ ገድሏል» አለ። ያን ጊዜ የሟቹ እናት አለቀሰች፤ «የኔታ፥ ይህችን ቃል ስጠብቅ ሁለት ዓመት ሆነኝ» አለች። ከዚያ በኋላ ገዳዩ እጁን ለዳኛ ሰጠ፤ ካሣ ተቈረጠ፤ የወሰኑ ድንጋይ ወደ ቀድሞ ስፍራው ተመለሰ፤ ከሁለቱም ወገን ዋስ ተጠርቶ መሐላ ተፈጸመ።

እንግዲህ ሥርዓቱን እናስተውል። አስቀድሞ እውነቱ ተነገረ፥ ቀጥሎ ፍርድና ካሣ ሆነ፥ ከዚያ በኋላ መሐላው በዋስ ጸና። ይህን ቅደም ተከተል የዘለለ ዕርቅ በመንደርም ሆነ በመንግሥታት መካከል አይጸናም። ምናልባት «መሣሪያ ከያዘ ሰው ጋር ቃል ምን ይረባል?» የሚል ይኖራል። አገር ጠባቂ፥ ሕግም አስከባሪ እንዲያስፈልገው አንክድም። ነገር ግን ሁለቱ ቤቶች ጠመንጃ ገዝተው አላረፉም፤ ያረፉት ቃል ሲመለስ ነው።

ስለዚህ ካህናት ሆይ፥ መስቀሉ የአንዱ ወገን አርማ ሆኖ እንዳይታይ እንጠንቀቅ፤ በአንድ ወገን የቆመ ሽማግሌ ሌላው ደጁን አይከፍትለትምና። ልጃችን ቢያጠፋ «አዎን፥ አጥፍቷል» ለማለት እንድፈር። ምእመናን ሆይ፥ ያላያችሁትን ወሬ እንዳያችሁት አድርጋችሁ አታስተላልፉ፤ የማትፈጽሙትን አትማሉ፤ ለተጣላችሁት ሰው መልስ አትንፈጉ። በሥልጣን ያላችሁም የተበደለ ሰው ያለ ፍርሃት የሚቆምበትን የፍርድ አደባባይ ክፈቱ።

ርብና ጉማራ ከጉና ተነሥተው ጣና ይገባሉ። ከላይ የደፈረሰውን ውሃ ከታች ሆኖ ማጥራት አድካሚ ነው። የዓለም ሰላምም እንዲሁ ከሩቅ ጉባኤ ብቻ የሚጠበቅ ሳይሆን ከአንዲት ትልምና ከአንዲት እውነተኛ ቃል ይጀምራል።

የሰላም አለቃ አምላካችን የምንናገረውን እንድንፈጽም ይርዳን፤ ለአገራችንና ለዓለሙ ሁሉ ሰላሙን ይስጥልን። አሜን።