ስለ ሥነ ልቡና መምህራን ጉባኤ

የሰውን አሳብና ጠባይ የሚመረምር ትምህርት ሥነ ልቡና ይባላል። በአሜሪካ አገር በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጭምር ይሰጣል፤ ነገር ግን በብዙው ስፍራ የሚያስተምረው መምህር አንድ ብቻ ነው። ብቻውን የሚያስተምር ሰው ቢሳሳት የሚያርመው ባልንጀራ የለውም፤ ስሕተቱም ወደ ደቀ መዝሙሩ ያልፋል።

ስለዚህ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2005 ዓ.ም. በዉስተር ከተማ፥ ሐኪሙ ፍሮይድ በ1909 ዓ.ም. ባስተማረበት በክላርክ ዩኒቨርሲቲ፥ የሦስት ቀን ጉባኤ ተጀመረላቸው። በዚያም ሊቃውንት አዲሱን ምርመራ ያስረዳሉ፤ መምህራንም የማስተማሪያ ዘዴያቸውን ይለዋወጣሉ።

የዚህ ዓይነቱ ጉባኤ ጥቅም በምሳሌ ይታወቃል። አንዱ ልጅ በዓይኑ፥ ሌላው በጆሮው ይማራልና ትምህርቱ ለየጠባዩ ይለይለት የሚል አሳብ በመምህራን ዘንድ ተስፋፍቶ ነበር። በ2008 ዓ.ም. አራት ሊቃውንት መርምረው በቂ ማስረጃ እንደሌለው ገለጹ። ይልቁንም የተማሩትን መጽሐፍ ዘግቶ ማስታወስ፥ ቀን እያሳለፉም መከለስ ትምህርትን እንደሚያጸና ተረጋግጧል፤ ይህንም የዜማ ቤት ደቀ መዝሙር ቀድሞ ያውቀዋል።

እንግዲህ ጎረቤታሞች የሆኑ የመንደር መምህራን በየጊዜው ተሰብስበው ያስተማሩትን ቢመረምሩ፥ ሽማግሎችም የመሰብሰቢያ ስፍራ ቢሰጧቸው፥ ትርፉ ለልጆች ነው።