ከሐግበድ እስከ ኮሚቴ፦ ስደተኛ ሴቶች መሪ እንዲሆኑ እንዴት እናግዝ?

በቶጎጫሌና በጅግጅጋ ዙሪያ የሶማሊያ ስደተኞች የሚኖሩባቸው ሦስት መጠለያዎች አሉ፦ በ1983 ዓ.ም. የተከፈተው ቀብሪበያህ፣ በ1999 የተከፈተው አውበሬና በ2000 የተከፈተው ሸደር። በእነዚህ መጠለያዎች ሴቶችን ለአመራር ማብቃት የሚሻ ሰው ከሥልጠና አዳራሽ ባይጀምር ይሻለዋል። መሪዎቹ አስቀድመው አሉ።

1. መሪዋን ከሐግበድ ይፈልጉ። ሐግበድ የሶማሌ ሴቶች ዕቁብ ነው። ሰብሳቢዋ የሰው ገንዘብ ትይዛለች፣ የዘገየችውን ትጠይቃለች፣ ልጇ የታመመባትን በተራ ታስቀድማለች። መጻፍ ባትችል አይለፏት፤ ጸሐፊ ይመደብላት።

2. የስብሰባውን ቀንና ሰዓት ሴቶቹ ይቁረጡ። ራሽን የሚታደልበት ቀን አይሆንም፤ ከአስር ሶላት በኋላ ሊመቻቸው ይችላል። ሕፃናት የሚጠብቅ ሰው ይኑር። ለሽማግሌዎቹና ለሼኾቹ ከመጀመሪያው ይንገሯቸው፤ ወሬው በሌላ አፍ ቀድሞ ከደረሳቸው ማስተካከሉ ይከብዳል።

3. በአንድ ጉዳይ ይጀምሩ። «ውሃ ተቸገርን» ማለት ብቻውን መልስ አያመጣም። እንዲህ ይባል፦ «የቀጠናችን ቦኖ ከሰኞ ጀምሮ አይሠራም። ይህን ያህል አባወራና እማወራ ይጠቀምበታል። እስከ ሐሙስ ይጠገንልን፤ ካልሆነ በቦቴ ይቅረብልን።» ችግሩ፣ የጀመረበት ቀን፣ የተጎዳው ሰውና የሚፈለገው መፍትሔ ይሟላ። የማመልከቻው ቅጂ ይቀመጥ፤ ማን እንደተቀበለውና መቼ እንደተቀበለው ይጻፍበት።

4. ሕጉን በሶማሌኛ ያስረዱ። የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ስለ ትምህርት፣ ሕክምና፣ ሥራ፣ መዘዋወርና የባንክ አገልግሎት ይደነግጋል፤ ገደቦችም አሉት። መብቶቹም ገደቦቹም ይነገሩ። የትኛው ጉዳይ ለስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት፣ የትኛው ለወረዳው እንደሚቀርብ ይለዩ።

5. ንግግሩን ያለማምዱ። አንዷ ኃላፊ መስላ ተናጋሪዋን ታቋርጣት፣ «ነገ ነይ» ትበላት። ተናጋሪዋም ሳትቆጣ «ነገ ስንት ሰዓት?» ብላ መጠየቅን ትልመድ። ለቢሮ አጭር ንግግር ይበቃል፤ ሕዝብ ሲሰበሰብ ግን የሴቶቹ ግጥም ቡራንቡር ከማንኛውም ፖስተር ይበልጥ ይሰማል።

6. ወደ መጠለያው የስደተኞች ኮሚቴ አንዲትን ሴት ብቻዋን አይላኳት። ቢያንስ ሁለት ይሁኑ፤ አንዷ ስትናገር ሌላዋ ትደግፋት። ሻይ ማቅረብና ቃለ ጉባኤ መያዝ ብቻ እንዳይደርሳቸው፣ ውሃን ወይም ራሽንን የመሰለ ኃላፊነት በስማቸው ይመዝገብ።

7. ምስጢር ይጠበቅ። ጥቃት የደረሰባትን ሴት በአደባባይ ታሪኳን እንድትናገር አይጠይቋት። መሪዋም መርማሪ ወይም አስታራቂ አትሁን፤ ድርሻዋ ተጎጂዋ ስትፈቅድ ወደ ጤና ጣቢያና ወደ ማኅበራዊ ሠራተኛ ማድረስ ነው።

ከጥቂት ወራት በኋላ ከአንድ ስብሰባ ሆን ብለው ይቅሩ። ስብሰባው ከተካሄደ፣ ማመልከቻ ከገባና መልሱን የምትከታተል ሴት ከተመደበች፣ ቀጣዩን አጀንዳ ለእነሱ ይተዉት። ካልተካሄደ ደግሞ ያስቀረው ሰዓቱ፣ የልጆች ጥበቃው ወይስ የባሎች ተቃውሞ እንደሆነ ራሳቸውን ሴቶቹን ጠይቀው ከዚያው ያስተካክሉ።